ውርስና ግብር፤ ሀብት የሚገበረው በሞት ጊዜ ነው ወይስ በሕይወት?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቂሊንጦ፣ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት በመረሬ አፈሩ ላይ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ገጠር ነበር። ዛሬ ግን በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የሄኒከን ቢራ ፋብሪካ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተዘጋጀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ብዙ ሕዝብ የሰፈረባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስለ ተሠሩበት፣ የቦታውም ሆነ የቤቱ ዋጋ ቀድሞ ባልታሰበ ልክ ከፍ ብሏል። በዚህ ሠፈር ቀደም ብሎ በጥቂት ገንዘብ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ዛሬ ሀብቱ ሲቈጠር በመደርደሪያው ላይ ካለው ሸቀጥ ይልቅ ሱቁ ያለበት ቤት ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ባረፈ ጊዜ ንብረቱ ወደ ልጆቹ ሲተላለፍ መንግሥት ምን ይወስዳል? ምንስ ሊወስድ ይገባዋል? የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

በውጭ አገር፣ በተለይም በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ የውርስ ግብር ይቀነስ ወይስ ይጨመር የሚለው ክርክር ምርጫ በመጣ ቍጥር የሚነሣ ጉዳይ ነው። የዚሁ ክርክር ወሬ ወደ አገራችን በደረሰ ጊዜ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ልጆቹ ከሚወርሱት ላይ ከመቶ ይህን ያህል ለመንግሥት የሚቈረጥ እየመሰለው ይሠጋል። ከሥጋቱም የተነሣ ንብረቱን በሕይወት ሳለ በዘመድ ስም ለማዞር የሚያስብ አይታጣም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በኢትዮጵያ ለብቻው የተደነገገ የውርስ ግብር አለመኖሩ ነው። እንዲሁም የአንድ ሰው ጠቅላላ ሀብት በየዓመቱ ተቈጥሮ የሚከፈልበት የሀብት ግብር የለም። የሌለው ነገር ይቀነስ ተብሎ ስለማይጠየቅ፣ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ትክክለኛው ጥያቄ ሀብት የሚገበረው መቼና ከማን እጅ ነው የሚለው ይሆናል።

አንድ ሀብት በአራት ጊዜያት ሊገበር ይችላል። የመጀመሪያው ገንዘቡ ሲገኝ ነው፤ ይኸውም ሁሉ የሚያውቀው የንግድ ትርፍ፣ የደመወዝና የኪራይ ገቢ ግብር ነው። ሁለተኛው ንብረቱ በእጅ ሳለ በየዓመቱ የሚከፈለው ነው። ሦስተኛው ሲሸጥ ከተገኘው የዋጋ ብልጫ ላይ የሚከፈለው ነው። አራተኛው ባለቤቱ ሞቶ ለወራሽ ሲተላለፍ የሚጠየቀው ነው። የኢትዮጵያ ሕግ በሦስቱ ተጠቅሞ አራተኛውን ትቶታል።

ይህም የዛሬ ልማድ አይደለም። በቀድሞው ዘመን የርስት ባለቤት ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ ይከፋፈል ነበር፤ ግብሩ የሚከተለው ግን መሬቱን እንጂ የወራሹን መውረስ አልነበረም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በጋሻ ለለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር እንዲከፈል ሲወስን፣ በዐሥራትም ፈንታ የሚከፈለውን ለይቶ ጨምሯል። በዚህ ዐዋጅ ሥር በነበሩት አገሮች ልጅ ከአባቱ ሲረከብ የሚጠየቀው አባቱ ይከፍል የነበረውን ያንኑ ግብር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ውርስ በብዙ አንቀጾች ሲደነግግ፣ ማን እንደሚወርስ፣ ዕዳ በምን ተራ እንደሚከፈል፣ ኑዛዜ እንዴት እንደሚጻፍ ዘርዝሮ አስቀመጠ እንጂ መንግሥትን ከወራሾች ጋር ተካፋይ አላደረገም። መንግሥት የሚወርሰው ሟቹ ተናዝዞ ያልተወ፣ በሕግም ወራሽ የሚሆን ዘመድ የሌለው በሆነ ጊዜ ብቻ ነው።

በባለሀብት ቤተሰብ ላይ ከውርስ ግብር ሁሉ የከበደ ነገር የደረሰው በግብር ሕግ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በዐዋጅ ቁጥር 47 ተወሰነ። አከራይተው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ሊያወርሱት ያሰቡትን በአንድ ቀን አጡ። ይህን ያየ ትውልድ ስለ ሀብትና ስለ መንግሥት ሲነገር ጆሮውን ቀሰር ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ስለ ውርስ ግብር የሚነሣውም ሥጋት ከፊሉ ከዚሁ ትዝታ የመነጨ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ሲያስቀር፣ ሰው በመሬት ላይ የሠራውን ቤትና ያደረገውን ማሻሻያ የመሸጥም የማውረስም መብት አረጋግጦለታል።

መሬቱ የሕዝብ፣ ቤቱ የግል መሆኑ ለውርስ ጉዳይ ትልቅ ትርጕም አለው። በቂሊንጦ የአንድ ሱቅ ዋጋ ከፍ ያለው ብሎኬቱና ቆርቆሮው ስለ ተወደደ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ነገር ቦታው ነው። ቦታው ግን በሕግ የባለሱቁ አይደለም፤ የሱ የሆነው በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ወራሹ የሚረከበው ቤቱንና ይህን መብት ነው።

በዚህ ረገድ የሊዝ ሕጉ ለወራሽ ያደላ መሆኑን ብዙ ነጋዴ ልብ አላለውም። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 721/2004፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን የተላለፈ እንደ ሆነ፣ ቤቱ የተላለፈለት ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ እንደሚሆን ደነገገ። ይህን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ጎረቤታሞች በነባር ይዞታ ላይ እኩል ቤት አላቸው እንበል። አንደኛው ሞቶ ልጁ ሲወርሰው፣ ልጁ የአባቱን ነባር ይዞታ እንደ ነበረ ይረከባል። ሁለተኛው ቤቱን ለአንድ ነጋዴ ሲሸጥለት ግን ገዢው ወደ ሊዝ ሥርዐት ይገባል። እንግዲህ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው ሰው ከወረሰው ሰው ይልቅ ከባድ ግዴታ ይሸከማል ማለት ነው። ለወራሽ ማዘን መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የውርስ ግብር የለም ሲባል ወራሽ ከዚህም በላይ የተጠቀመበት ስፍራ እንዳለ መታወቅ ይገባዋል።

ንብረት በእጅ ሳለ በየዓመቱ የሚከፈለውን በሚመለከት፣ በከተማ ነዋሪው ዘንድ የጣሪያና ግድግዳ ግብር እየተባለ የሚጠራው መሠረቱ በ1968 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 80 ነው። ይህ ዐዋጅ የቤቱን ግብር የሚያሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገኛል ተብሎ ከሚገመተው ኪራይ ላይ ነው። የኪራይ ግምቱ ለረጅም ዘመን ሳይነካ ስለ ቆየ ብዙ ሰው ግብሩን ከቁም ነገር አይቈጥረውም ነበር። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ባሻሻለ ጊዜ ግን የግብሩ መጠን በአንድ ጊዜ ስላሻቀበ በከተማው ብዙ አነጋገረ። ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የንብረት ታክስ ዐዋጅን አጸደቀ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ለመሬት መጠቀሚያ መብት ለግብር ከተያዘው ዋጋ ከመቶ 0.2 እስከ 1፣ ለሕንፃ ደግሞ ከመቶ 0.1 እስከ 1 ድረስ እንዲከፈል ወሰኑ ተቀምጧል። ንብረቱን ማን እንዳገኘውና እንዴት እንዳገኘው ሳይጠይቅ በየዓመቱ የሚሰበሰብ ስለ ሆነ፣ የገዛውም የወረሰውም በእኩል ይከፍሉታል።

ንብረቱ ሲሸጥ ከዋጋ ብልጫ የሚከፈለው በፌዴራል የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 የተደነገገው ነው። ዐዋጁ ሲወጣ ለንግድ ሥራ ከዋለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ብልጫ ከመቶ 15፣ ከአክሲዮንና ከቦንድ ብልጫ ከመቶ 30 እንዲከፈል አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብሩ ሕግ ስለ ተሻሻለ፣ ሻጭ የሆነ ሰው በሚሸጥበት ቀን የጸናውን መጠን ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ማለት የሚገባው ብልጫ የሚባለው ከሽያጩ ዋጋ ላይ የተገዛበት ወይም የተሠራበት ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው መሆኑን ነው። አባቱ የሠራውን ሕንፃ የሚሸጥ ወራሽ የስሚንቶና የብረት ደረሰኝ፣ የግንባታ ውልና የጥገና ወጪ ማስረጃ ከሌለው፣ ወጪውን ማስረዳት ስለሚያቅተው የማይገባውን ያህል ግብር ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ የውርስ ግብር በሌለበት አገር እንኳ በአባት መሳቢያ ውስጥ የቀረች ቁራጭ ወረቀት ለልጅ ብዙ ብር ታወጣለች።

አሁን የውጭውን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ከአንድ ሰው ውርስ የመጀመሪያው 325,000 ፓውንድ ነጻ ሆኖ ከዚያ በላይ ባለው ላይ በመደበኛው ከመቶ 40 ይከፈላል፤ ይህ ነጻ የሚሆነው መጠን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሳይጨመር ቆይቷል። በጃፓን ከፍተኛው መጠን ከመቶ 55 ይደርሳል። በአንጻሩ አውስትራሊያ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ህንድ በ1985፣ ስዊድን በ2004፣ ኖርዌይ በ2014 እ.ኤ.አ. የውርስ ግብርን ትተውታል። ከአፍሪካም ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ናይጄርያ በ1996 ተመሳሳዩን ግብር ሲሽሩ፣ ደቡብ አፍሪካ ግን እስከ 30 ሚሊዮን ራንድ ድረስ ከመቶ 20፣ ከዚያ በላይ ከመቶ 25 እያስከፈለች ቀጥላለች። ያም ቢሆን የመጀመሪያው 3.5 ሚሊዮን ራንድ ነጻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የስዊድን ታሪክ በንግዱ ዓለም ብዙ ይነገራል። አስትራ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች የአንደኛው ባለቤት የነበሩ ሴት እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞቱ፣ የውርሱ ግብር የተሰላው በሞቱበት ቀን በነበረው የአክሲዮን ዋጋ ነው። ወራሾች ግብሩን ለመክፈል አክሲዮን መሸጣቸው እንደማይቀር ገበያው ስለ ገመተ ዋጋው ወረደ፤ በመጨረሻም ግብሩና የተቀረው ዕዳ ከውርሱ በልጦ ተገኘ። ይህ ነገር በስዊድን ሰው አእምሮ ውስጥ ከርሞ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ግብሩ ሲሻር ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ኖርዌይ የውርስ ግብርን ስትተው ግን በየዓመቱ የሚከፈለውን የሀብት ግብር አልተወችም፤ አንዱን በር ስትዘጋ ሌላውን ክፍት አድርጋለች። ኬንያም የውርስ ግብርን ከሻረች በኋላ፣ ከ1985 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረውን የንብረት ሽያጭ ብልጫ ግብር እ.ኤ.አ. በ2015 መልሳ አምጥታዋለች፤ መጠኑም በመጀመሪያ ከመቶ 5 ነበር፤ በ2023 ወደ ከመቶ 15 ከፍ ብሏል። አንድ ግብር ሲቀር ሸክሙ ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚዛወር እነዚህ ምስክሮች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቂሊንጦ ተመልሰን በኢትዮጵያ የውርስ ግብር ቢደነገግ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንመልከት። ለምሳሌ ያህል የግሉ የሆነና በገበያ 6,000,000 ብር የሚያወጣ የንግድ ቤት ያለው ባለሱቅ አለ እንበል። ከሱቁ የገቢ ግብሩን ከፍሎ በዓመት 300,000 ብር ይተርፈዋል። የውርስ ግብር ከመቶ 10 ብቻ ቢሆን፣ ባረፈ ጊዜ ልጆቹ 600,000 ብር ይጠየቃሉ፤ ይኸውም የሁለት ዓመት ትርፍ መሆኑ ነው። በሱቁ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ስለማይኖር ያላቸው ምርጫ ሸቀጡን በርካሽ መሸጥ፣ መበደር፣ ወይም ቤቱን መሸጥ ነው። ከዚህም ላይ የቀብሩ፣ የተዝካሩና የፍርድ ቤቱ ወጪ በዚያው ሰሞን ይመጣል።

በሌላ በኩል ይኸው ቤት በንብረት ታክስ ቢገበር፣ ለግብር የተያዘው ዋጋ ከገበያው አንሶ 2,000,000 ብር፣ መጠኑም ከፍተኛው ከመቶ 1 ቢሆን፣ በዓመት 20,000 ብር ይሆናል። ይህ በሠላሳ ዓመት፣ ማለት በአንድ ትውልድ ዘመን፣ ተደምሮ 600,000 ብር ነው። መንግሥት የሚያገኘው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለባለሱቁ ግን በወር ከ1,700 ብር ያነሰ ማስቀመጥና በኀዘን ወር 600,000 ብር ማምጣት እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው። በእርግጥ የዓመቱ ግብር የራሱ ክፋት አለው፤ ሱቁ በከሰረበትም ዓመት ይጠየቃል፤ ቤት እንጂ ገቢ የሌላቸውን አዛውንትም አይለይም። የውርስ ግብር ቢያንስ አንድ ነገር በእጁ የገባለትን ሰው ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ አንዱ ፍጹም ጥሩ፣ ሌላው ፍጹም ክፉ ነው ማለት አይቻልም።

የውርስ ግብር ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያትም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የቂሊንጦ ቦታ ዋጋ ያወጣው በሕዝብ ገንዘብ መንገድ ስለ ተሠራ፣ መብራትና ውኃ ስለ ገባ፣ የመኖሪያ ሠፈር ስለ ተመሠረተ ነው። መሬታቸው ለልማት የተወሰደባቸው የአካባቢው ገበሬዎች በሕግ በተወሰነው ካሣ ሲለቁ፣ በዳር የቀረው ባለይዞታ ግን ምንም ሳይሠራ ሀብታም ሆኗል። የዚህ ሰው ልጅ ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ክፍያ ሲረከብ፣ ከደመወዙ ላይ በየወሩ ግብር የሚቈረጥበት የፋብሪካ ሠራተኛ ቅር ቢለው እውነት አለው።

ነገር ግን ግብር የሚመዘነው በሐሳቡ ብቻ ሳይሆን በአሰባሰቡም ነው። የውርስ ግብር ሊሰበሰብ የሚችለው የሟቹ ንብረት ሁሉ ሲታወቅና በትክክል ሲገመት ነው። የባለሱቅ ሀብት በአደባባይ ያለ ነው፤ ቤቱ በካርታ፣ ሸቀጡ በመደርደሪያ፣ ንግዱ በመዝገብ ይታያል። በወርቅ፣ በውጭ አገር ገንዘብና በሌላ ሰው ስም የተቀመጠ ሀብት ግን አይታይም። በዚህ ሁኔታ ግብሩ ቢደነገግ የሚከፍለው በሕግ የተመዘገበው ነጋዴ ይሆናል፤ የተሸሸገው ሀብት ግን ከአባት ወደ ልጅ በዝምታ ያልፋል። ስለሆነም የንብረት ግመታው ሥራ በየከተማው ተፈጽሞ፣ የይዞታ ምዝገባውም ተሟልቶ ሳይታይ ስለ ውርስ ግብር ማሰብ ጊዜው ያልደረሰ ነው። ወደ ፊት የሚታሰብ ቢሆን እንኳ፣ ነጻ የሚሆነው መጠን ከመካከለኛ ሱቅና ከመኖሪያ ቤት ዋጋ በላይ ሆኖ ከዋጋ ንረት ጋር እየታየ የሚሻሻል፣ አከፋፈሉም በብዙ ዓመት የሚከፋፈል ካልሆነ፣ በእንግሊዝ እንደሚታየው ለባለጸጎች የታሰበው ግብር ቀስ በቀስ ወደ መካከለኛው ነዋሪ ቤት ይገባል።

በውጭ አገር ስለሚኖሩና በቂሊንጦ ወይም በሌላ ስፍራ ቤት ስላላቸው ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። እዚህ የውርስ ግብር አለመኖሩ እነሱን ሁልጊዜ አያድናቸውም። የእንግሊዝ መንግሥት ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ካለፉት ሃያ የግብር ዓመታት ቢያንስ ዐሥሩን በአገሩ የኖረውን ሰው በዓለም ላይ ባለው ንብረት ሁሉ የውርስ ግብር የሚመለከተው አድርጎታል። በለንደን ለረጅም ዘመን የኖረ ሰው በአዲስ አበባ ያለው ሕንፃ በዚያው ሒሳብ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነውም እንዲሁ ንብረቱ በየትም ይሁን ይቈጠርበታል፤ ሆኖም ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ የሆነው መጠን 15 ሚሊዮን ዶላር ስለ ሆነ፣ የሚነካቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ለአገር ቤቱ ነጋዴ ግን ዛሬ የሚያሠጋው የሌለው ግብር ሳይሆን ያለው ዕዳና ያልተሰናዳው ወረቀት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በሞት የማይቋረጡት የሟቹ መብትና ግዴታ ሁሉ ለወራሾች ይተላለፋሉ። ከውርሱ ንብረት በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ ይከፈላል፤ ያልተከፈለ የንግድ ትርፍ ግብርም ዕዳ ነው። ለልጆች የሚቀረው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የባልና የሚስት ጉዳይ ነው። ኑዛዜ ከሌለ በሕጉ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ከጋራ ሀብታቸው ግማሹ ግን በራሷ መብት የሷ ስለ ሆነ ወደ ውርሱ ሒሳብ አይገባም። ሱቁ በባልየው ስም ብቻ ስለ ተመዘገበ ሁሉም የልጆቹ ነው ብሎ መከራከር ቤተሰብ የሚበትን ስሕተት ነው።

ኑዛዜን በተመለከተ ሕጉ ሦስት ዓይነት ያውቃል፤ በምስክሮች ፊት በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው፣ በቃል የሚነገር። በግልጽ የሚደረገው በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ግን ሁለት ይበቃሉ። በቃል የሚደረገው በአልጋ ላይ ሆኖ ለዘመድ እንደሚነገረው ያለ ነው፤ በዚህ ዓይነት ሊሰጥ የሚቻለው ስጦታ ግን ለአንድ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ነው። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በአፍ ኑዛዜ ለታናሽ ልጅ ተሰጠ የሚል ክርክር በፍርድ ቤት የማይጸናውም ለዚህ ነው።

አስመጪ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም በቃሊቲ ጉምሩክ ሳለ ባለቤቱ ቢያርፍ፣ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያወጡ ድረስ ፊርማው የሚታወቅ ሰው ስለማይኖር ዕቃው ይቆማል፤ የመጋዘኑም ኪራይ በየቀኑ ይቈጥራል። የንግድ ፈቃድም ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ስላልሆነ፣ ንግዱን ለመቀጠል የሚሻው ወራሽ በራሱ ስም ማውጣት አለበት። የከረመ መልእክትና የወረደ ሸቀጥ የሚያስከትለው ጉዳት፣ ከላይ በምሳሌ ከታየው ከመቶ 10 ግብር ሊብስ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለ ፈቀደ፣ ንግዱን ከግል ንብረቱ ለይቶ በማኅበር ስም የሚይዝ ነጋዴ ቢሞትም ማኅበሩ ስሙንና ውሎቹን ይዞ የሚቆይበት መንገድ ተከፍቷል። ይህን የሚመክር ጠበቃ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ማነጋገር ለመካከለኛ ነጋዴ የሚከብድ ወጪ አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ቅርብ ሆኖ የሚመጣው ጉዳይ የንብረት ግመታው ነው። ገማቹ በየደጃፉ በመጣ ጊዜ የሱቁ ባለቤት ካርታውን፣ የቦታውን ስፋትና የሕንፃውን ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃ፣ የግንባታውንም ደረሰኝ አዘጋጅቶ ቢጠብቅ፣ ግምቱ የተሳሳተ በመሰለው ጊዜ ለሚያቀርበው አቤቱታ መሠረት ይሆነዋል። ይኸው ጥቅል ወረቀት ቤቱ ሲሸጥ ለብልጫው ግብር፣ ባለቤቱም ሲያርፍ ለውርሱ ማጣራት ያገለግላል። ከሦስቱም ጊዜያት አስቀድሞ የሚመጣው የግመታው ቀን ስለ ሆነ፣ ካርታው አሁንም በአያት ወይም በሞተ ዘመድ ስም የቀረ ቤት ያለው ሰው የስም ማዛወሩን ሥራ ከዚያ በፊት ቢጨርስ ይሻለዋል።